ሀዋ ሳትጠይቅ ማንም አይጠፋም

ይመር ሲደውልልኝ አዲስ አበባ ቢሮዬ ውስጥ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ይመር አሶሳ አብሬው የሠራሁ ሹፌር ነው። ለሰላምታ ብቻ የሚደውል ሰው ስላልሆነ ስልኩን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ሰሎሞን፣ አብሽር እንግዲህ» አለኝ።

ይመር አብሽር ካለ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ጎማ ሲፈነዳም አብሽር ነው የሚለው፤ ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥም አብሽር ነው። ግድግዳውን ደገፍ ብዬ ጠበቅኩት።

«ሀዋ አረፈች። ሆሞሻ ቀብረናት አሁን መመለሳችን ነው።»

ስልኩን ዘጋሁት። ወደ ስብሰባው ገብቼ ቁጭ አልኩ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያየኛል። ለካ ቅድም ሲናገር የነበረው ሰው እኔ ነበርኩ። ስለ ምን እናገር እንደነበር ግን ፈጽሞ ጠፋብኝ። «እና እንዳልኳችሁ…» ብዬ ጀመርኩ። ምን እንዳልኩ ግን እኔም አላውቅም፤ ከፊታቸው እንደተረዳሁት እነሱም አያውቁም።

ሀዋ አለቃዬ ነበረች። የሆሞሻ ልጅ ናት፣ የበርታ ሴት። በልጅነቷ ቤተሰቧ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ተሰዶ ስለነበር ትምህርቷን የጨረሰችው እዚያ ነው፤ ኮምፒውተርንም የተማረችው በዓረብኛ ነው። ረጅምና ቀጭን ነበረች። ሁልጊዜ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ ትለብሳለች፤ የቶቧ ጫፍ ከትከሻዋ ሲንሸራተት በግራ እጇ እየመለሰች በቀኝ እጇ ትጽፋለች። ሁለቱን እጆቿን ኪቦርድ ላይ አንድ ላይ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። በአንድ እጇ ግን እኔ በሁለት እጄ ከምጽፈው በላይ ትፈጥን ነበር፤ በእርግጥ እኔ የጻፍኩትን እያጠፋሁ መልሼ ስለምጽፍ ውድድሩ ፍትሐዊ አልነበረም።

እኔ አሶሳ የሄድኩት በአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥሬ ነው። ድርጅቱ በክልሉ ላሉ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ያከፋፍላል። ሰርተፊኬቶቼን በሙሉ ፕላስቲክ አስለብሼ ይዣለሁ። ከአውሮፕላን ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን ቢመታኝም ኮቴን ላለማውለቅ ወስኜ ነበር፤ የሲስተም ባለሙያ በመጀመሪያ ቀኑ ኮት ለብሶ መታየት አለበት ብዬ። ቢሮው ስደርስ ኮቱ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ለማውለቅ የሰው እርዳታ አስፈለገኝ። የረዳችኝ ሀዋ ናት።

«ስምህ ማነው?»

«ሰሎሞን እባላለሁ። እርስዎ ወይዘሮ ሀዋ ነዎት?»

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። «ስንት ሰው ነኝ እኔ?» አለች። «ብቻዬን ነኝ። ሀዋ በለኝ፣ ኸላስ። አንተ ሱለይማን።»

«ሰሎሞን» አልኳት።

«እኮ፣ ሱለይማን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱለይማን ሆንኩ። አማርኛዋ እንደዚህ ነበር፤ «አለቀ» ለማለት «ኸላስ» ትላለች፤ ቁጥርና ጾታም ብዙም አይገዱትም። ሴቷንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። የሒሳብ ሠራተኛዋን አልማዝን «አልማዝ መጣ? ልጁን አጠባ?» ብላ ስትጠይቅ መጀመሪያ ላይ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን እነክስ ነበር። በኋላ ለምጄው እኔም ሳላስበው «አልማዝ ወለደ» ብዬ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ሀዋ ማንበብ የፈለገችው ያንን ብቻ ነበር።

ሥራችን እንዲህ ነው። ማንጎ ዛፍ ሥር ባለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዩኒክስ በሚባል የቆየ ሥርዓት የሚሠራ አሮጌ ሰርቨር፣ የሁሉም መዝገብ የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር፣ አለ። ከአሶሳው መጋዘን፣ ከኩርሙክ፣ ከሆሞሻ፣ ከቶንጎ ያሉ ሠራተኞች በመስመር እየገቡ የመጣውንና የወጣውን መድኃኒት ይመዘግቡበታል። ማሽኑ ማን እንደገባ ይይዛል። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ በሥርዓት ከወጣ «ወጥቷል» ብሎ ይዘጋለታል። መስመሩ መሃል ላይ ከተቆረጠ ወይም መብራት ከሄደ ግን መውጣቱን ለማሽኑ የሚነግረው የለም። ሰውየው ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቶ ተኝቶ ሳለ ማሽኑ አሁንም ውስጥ እንደተቀመጠ ያምናል። በእኛ አካባቢ መብራት ሲሄድ ደግሞ ተሰናብቶ አይሄድም። የመዝገብ ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ የሚያስገባው ሰው የተወሰነ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ቤቱ በሌሉ ሰዎች ተሞልቶ ያሉት ሰዎች ደጅ ይቀራሉ። ስለዚህ ያረጀውን የመግቢያ መዝገብ ማጥራት የዕለቱ የመጀመሪያ ሥራችን ነበር።

ይኼ እኔ እንደተማርኩት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ማን እንዳለ ማሽኑን ትጠይቃለህ፤ የቆየውን ታጠፋለህ። ሀዋ ጋ ግን ረፋድ ይደርሳል። መጀመሪያ ማሽኑን ትጠይቃለች፤ ከዚያ ስልኩን ታነሳለች።

«ኢብራሂም፣ ሰላም ነው? ልጆች ደህና? ፍየሉ ተገኘ? አልሐምዱሊላህ። ኢብራሂም፣ ማሽን አንተ ውስጥ ነህ ይላል። ወጣህ?» ታዳምጣለች። «መብራት ሄደ? እሺ። ኸላስ።» ከዚያ ነው ኢብራሂምን የምታጠፋው። ወደሚቀጥለው ስም ትሄዳለች፤ የእሱም ልጆች ይጠየቃሉ። አንድ ሰው ከማሽን ለማጥፋት የቤተሰቡ ሁሉ ጤንነት መረጋገጥ ነበረበት።

አንድ ቀን መታገሥ አልቻልኩም። «ሀዋ፣ ይኼ እኮ ሰው አይደለም» አልኳት። «ሰውየው ከሄደ በኋላ የቀረ መዝገብ ነው። ባዶ ነው።»

«ስም አለው?»

«ስምማ አለው።»

«ስም ካለው ጠይቅ።»

ይህን ክርክር በቴክኖሎጂ ለመርታት ወሰንኩ። በቢሮው ትንሽ ዝና ያተረፈልኝ ያ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማንንም ሳይጠይቅ የቆየ መዝገብ በራሱ የሚያጠፋ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ኪቦርድ ያልነካ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል፣ ይባረራል። የቢሮውን ሥራ አስኪያጅ ጋብዤ ማሳያ አዘጋጀሁ። ኮቴን ለበስኩ። ፕሮግራሙን አስጀምሬ ስለ ጥቅሙ ገለጻ ማድረግ ጀመርኩ። ጊዜ ስለሚቆጥብ፣ ስለ ዘመናዊ አሠራር፣ ስለ ሌሎች አገሮች ልምድ ተናገርኩ። ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ዱብ ሲል እንኳ አላቋረጥኩም።

በዚህ መሃል መጋዘኑ ደጃፍ ላይ የጭነት መኪና ደርሶ ሠራተኞቹ ካርቶን ለማራገፍ ወጥተው ነበር። ኪቦርድ የነካ የለም። ፕሮግራሜ አንድ በአንድ አባረራቸው። ገለጻዬን ጨርሼ «እንግዲህ ውጤቱን እንይ» ብዬ ወደ ማሽኑ ዞርኩ። አላስገባኝም። በንግግሬ መሃል እኔም ኪቦርድ ሳልነካ ቆይቼ ነበርና ፕሮግራሜ እኔንም የለህም ብሎኝ ነበር። ውስጥ የቀረችው ጥግ ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ስትጽፍ የነበረችው ሀዋ ብቻ ናት።

ስክሪኗን ጎንበስ ብላ አየች። «አሁን ንጹህ ነው» አለች። «ሰው የለም።»

ሥራ አስኪያጁ ለመሳቅ ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ ሳስረዝም አንዱ ብድግ ብሎ «ሰሎሞን፣ ኪቦርድ ንካ» ይለኝ ጀመር።

ሀዋ ግን በዚያ ቀን አልሳቀችብኝም። ከሥራ በኋላ ማንጎው ሥር አስቀምጣኝ ቀዝቃዛ ከርከዴ አመጣችልኝና የአባቷን ታሪክ ነገረችኝ። አባቷ ነጋዴ ነበሩ። ቤተሰቡ ከስደት ከተመለሰ በኋላ ለንግድ በኩርሙክ በኩል ሱዳን ገብተው ሳሉ ጦርነት መንገዱን ዘጋው። ወሬያቸው ጠፋ። ሞቱ ተባለ። ሰደቃ ወጣላቸው፤ ቀበሌውም ስማቸውን ሰረዘ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰውየው በእግራቸው ከተፍ አሉ።

«ሰው ሁሉ ሮጠ» አለችኝ። «እናቴ ብቻ አልሮጠም። እናቴ ‘የት ነበርክ?’ ብሎ ተቆጣ።»

ከእናቷ ቁጣ ይልቅ የከበዳቸው ቀበሌው ነበር። ሊቀመንበሩ «እኔ ምን ላድርግ፣ ወረቀቱ ሞቷል ይላል» አላቸው። ምስክር አምጡ ተባሉ። አንደኛው ምስክር ዙሪያቸውን እየዞረ ካያቸው በኋላ «እሱ ይመስለኛል፤ ግን እሱ ወፍራም ነበር» ብሎ መሰከረ። ጉዳዩ እንደተንጠለጠለ ቀረ። አባቷ እስኪሞቱ ድረስ ለቀበሌው ሙት ነበሩ። ስኳር ሲታደል አይደርሳቸውም፤ እናቷም የሚቀበሉት ባሏ በሞተባት ሴት ስም ነው።

«አባቴ ራሱ ይስቅ ነበር» አለች ሀዋ። «ግን ቀበሌ በር ላይ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር።»

እኔ ይህን ሰምቼ ምን ብል ጥሩ ነው? «በእርግጥ ያ የመረጃ አያያዝ ችግር ነው» አልኳት። ከርከዴዬን ወስዳ ራሷ ጠጣችው።

የቶንጎው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ በክረምት ነው። ገመቹ የሚባል ከወለጋ የመጣ ወጣት ነበረን። የቶንጎን የመድኃኒት መደብር ብቻውን ይይዛል፤ የሚኖረውም እዚያው ከመደብሩ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። እኔ የማውቀው በስልክ ነው። ከሌሎቹ ይልቅ እሱ በሥርዓት ሳይወጣ መስመሩ ስለሚቆረጥበት ብዙ ጊዜ ጮኼበታለሁ። «ሳትወጣ አትሂድ አላልኩህም? ስንት ጊዜ ልንገርህ?» እለዋለሁ። «እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ» ይለኛል። በዕድሜ ብዙም አልበልጠውም፤ ጋሼ ሲለኝ ግን ደስ ስለሚለኝ አላረምኩትም።

አንድ ሰሞን የገመቹ ስም ማሽኑ ላይ ቆሞ ቀረ። ሀዋ ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም። በማግስቱም ደወለች። ቶንጎ ኔትወርክ መጥፋቱ አዲስ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ከኩርሙክ የሚገባ ሰው ቦታ አጥቶ ደጅ ቀረና እኔ ቱግ አልኩ።

«ሀዋ፣ ገመቹን አጥፊው። መስመሩ ከተቆረጠ ቆይቷል። ይኼ ባዶ መዝገብ ነው።»

«ጠየቅከው?»

«እንዴት ልጠይቀው? ስልክ የለም!»

«እሺ። ካልጠየቅከው አታውቅም።» የቶቧን ጫፍ ትከሻዋ ላይ መለሰች። «ይመር! መኪና አለ?»

ይመር በራፉ ላይ ሆኖ «መኪናው አለ፤ መንገዱ ነው የሌለ» አለ። ይመር በአሶሳ ዙሪያ አምባ ከሚባሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ የተወለደ የወሎ ሰፋሪዎች ልጅ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብታ የቶንጎን መስመር ልናይ ነው አለችው። ውሸት አይደለም። እኔንም «አንተ ና፣ መስመር አንተ ታውቃለህ» ብላ ከኋላ ወንበር አስገባችኝ።

እስከ ባምባሲ ድረስ ትክክል መሆኔን በዝርዝር አስረዳኋቸው። መስመር ሲቆረጥ ማሽኑ ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ ለምን እንደማይታወቀው፣ አንድ ስም ለማጥፋት ነዳጅ ማቃጠል ለምን የጤና እንዳልሆነ ተናገርኩ። ከባምባሲ በኋላ መንገዱ ጭቃና ጉድጓድ ብቻ ሆነ። ንግግሬ እየተቆራረጠ መጣና በመጨረሻ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ አስመለስኩ።

«አብሽር» አለ ይመር።

ሀዋ ውሃ አቀበለችኝ። «አሁን ዝም በል» አለች፤ በቁጣ አይደለም፤ ለጤናዬ አዝና ነው።

ቶንጎ ስንደርስ መደብሩ ተዘግቷል። አጠገቡ ሱቅ ያላት ሴትዮ «ገመቹ? እሱ አሶሳ ሄዶ የለም እንዴ?» አለችን። አሶሳ ያለነው ቶንጎ ነው ብለናል፤ ቶንጎ ያሉት አሶሳ ነው ብለዋል። ሀዋ ሴትዮዋን እንኳ ሳታመሰግን በጓሮ በኩል ዞረች። በሩን አንኳኳች። በስሙ ተጣራች። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈችና እጇን ወደ ይመር አወዛወዘች። ይመር በትከሻው ገፋው፤ የውስጡ መቀርቀሪያ ተነቅሎ ወደቀ።

ገመቹ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ወባ ነበር፤ ያን ሁሉ መድኃኒት ከግድግዳው ማዶ አስቀምጦ ተነስቶ በሩን መክፈት አቅቶት ነው። ሀዋ ተንበርክካ ቀና አደረገችውና ውሃ በጣቷ እየነከረች ከንፈሩን አራሰችው። እኔ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ዓይኑን ከፍቶ ከሁላችንም መርጦ እኔን አየ። በአካል አይቶኝ አያውቅም። «ወይኔ!» ስል ግን ድምፄን ለየው መሰለኝ።

«ጋሼ…» አለ። ድምፁ በጭንቅ ይሰማል። «ልወጣ ነበር እኮ። መብራት ሄዶብኝ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል። እንደዚያች ቃል ግን አጥንቴ ውስጥ የገባ የለም።

ይመርና ሀዋ ሲያነሱት እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ወደ ኮምፒውተሩ ሄድኩ። ሊረዳ የሚችል ሰው ሁሉ በሽተኛውን ሲሸከም እኔ ገመድ አየሁ። ከመደብሩ መስኮት በኩል ውሃ ገብቶ ኮምፒውተሩን ከመስመሩ የሚያገናኘውን ሳጥን አቃጥሎታል። ኮምፒውተሩ ከጠፋ ቆይቷል። መዝገቡ በእርግጥም ባዶ ነበር። ልክ እንዳልኩት። ትክክል ነበርኩ። ትክክለኛነቴን ይዤ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቆምኩ፤ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

ጤና ጣቢያው ጉሉኮስ ሰክቶለት፣ መርፌ ወግቶት፣ ቶሎ አሶሳ ይድረስ አለን። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ሄዷል። ገመቹን በእኛ መኪና ከኋላ አስተኛነው፤ ጭንቅላቱ እኔ ጭን ላይ ሆነ። ነርሷ የጉሉኮሱን ከረጢት እጄ ላይ አኖረችና «ከፍ አድርገህ ያዝ፣ እንዳታወርደው» አለችኝ። ያን ሁሉ ጭቃና ጉድጓድ እጄን ወደ መኪናው ጣሪያ ሰቅዬ ተመለስኩ። ስንት ሥራ ማመልከቻ ላይ ስንት ችሎታ ጽፌያለሁ፤ ከቶንጎ እስከ አሶሳ የጉሉኮስ መስቀያ ሆኜ መሥራቴን ግን የትም አልጻፍኩም። ከሠራሁት ሁሉ ምንም ያልተበላሸብኝ ሥራ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

«እጅ ቀይር» ትለኛለች ሀዋ ከፊት ሆና። እቀይራለሁ።

ባምባሲን አልፈን መንገዱ ሲሻል፣ «ሱለይማን» አለችኝ።

«አቤት።»

«ኮምቢውተሩ እንዴት ነው?»

ዋሽቼ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። «ከጠፋ ቆይቷል» አልኳት። «መዝገቡ ባዶ ነበር።»

ወደ ኋላ ዞረች። ገመቹን አየችው፤ ከዚያ የተሰቀለውን እጄን፤ ከዚያ እኔን። «እንግዲያው ትክክል ነበርክ» አለች። እያሾፈች እንደሆነ ለማየት ፊቷን መረመርኩ። አላሾፈችም። ይመር በመስታወቱ አየኝና «አብሽር» አለኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ተረኛው ነርስ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ከየት እንደመጣ ጠየቀንና ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ለታማሚው ምኑ ነህ?»

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ለመናገር ከፈለግኩ፣ ጠዋት ላጠፋው የነበርኩት ሰው ነኝ ማለት ነበረብኝ። የሥራ ባልደረባ ነኝ ልበል ብዬ አሰብኩ፤ ግን በአካል ያየሁት ገና ዛሬ ነው። 

«ወንድሙ ነው» አለች ሀዋ። «ጻፍ።»

ነርሱ ጻፈ። «እንግዲያው አስታማሚው አንተ ነህ» አለኝና ወንበር አመለከተኝ። እዚያ መቀመጤን ያወቅኩት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ሐኪሞቹ ጨርሰው ሲወጡ ገመቹ ትንሽ ነቃ። ነርሱ ጎንበስ ብሎ «አይዞህ፣ ወንድምህ አብሮህ አለ» አለው።

ገመቹ ግራ ገባው። «የቱ ወንድሜ?»

ከወንበሬ ተነሳሁ። ኮቴ በጭቃና በትውከት ተበላሽቷል፤ ቀኝ እጄ ደንዝዞ አይታጠፍልኝም።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። እንደ ቀበሌው ምስክር እንዳይመሰክርብኝ ፈራሁ። ብዙ አሰበና «እሺ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ሀዋ ሻይ በፌስታል አንጠልጥላ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። በቶቧ ጫፍ አፏን ሸፍና ቆማለች፤ ሳቋ እንዳይሰማ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ።